«እሺ» ከማለታችሁ በፊት

ልጄ ሁለተኛ ክፍል እያለ ትምህርት ቤቱ ለስብሰባ ጠራኝ። ስድስት ሰዎች ጠረጴዛውን ከበው ጠበቁኝ። አንዷ ስለ ንባቡ፣ አንዱ ስለ ንግግሩ፣ ሌላዋ ስለ ጠባዩ ያወራሉ። ከሥራ እየሮጥኩ ነበር የደረስኩት፤ ከሚሉት ግማሹ አልገባኝም። መጨረሻ ላይ ወረቀት ሰጡኝ። «እሺ» ብዬ ፈረምኩ። የፈረምኩት የልጄ የንግግር ሕክምና ሰዓት እንዲቀነስ መሆኑን ያወቅኩት ከወራት በኋላ ነው።

እዚህ አሜሪካ ልዩ ፍላጎት ያለው ልጅ ለምታሳድጉ ወገኖቼ ይህን የምጽፈው ያ «እሺ» ዛሬም ስለሚቆጨኝ ነው። መምህርን ማክበር መልካም ነው። ግን እዚያ ስብሰባ ላይ የምትቀመጡት እንደ እንግዳ አይደለም። በሕጉ ወላጅ የልጁን ትምህርት የሚወስነው ቡድን አባል ነው።

ሕጉ አይዲኢኤ ይባላል፤ መሠረቱ የተጣለው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። አካል ጉዳት ያለበት ልጅ ከ3 ዓመቱ ጀምሮ፣ እንደየግዛቱ እስከ 21 ዓመቱ፣ ለእሱ የሚስማማ ትምህርት በነፃ ያገኛል። ከ3 ዓመት በታች ላሉትም የራሱ ፕሮግራም አለ። ስለዚህ ልጃችሁ 2 ዓመት ሞልቶት ካላወራ «ወንድ ልጅ አፉን ቶሎ አይፈታም» የሚላችሁን አትስሙ፤ ቶሎ አስመርምሩት። የመኖሪያ ወረቀት የሌላችሁም አትፍሩ። የሕዝብ ትምህርት ቤት በዚህ ምክንያት ልጅ መከልከል እንደማይችል የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1982 ወስኗል።

አንድ ነገር አደራ፤ አማርኛ ማውራታችሁን አታቁሙ። ሁለት ቋንቋ መስማት ኦቲዝም አያመጣም፣ የንግግር ችግርም አያመጣም። እኔ ተመክሬ ለአንድ ዓመት ያህል አቁሜ ነበር። በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ለልጄ የምለው ትእዛዝ ብቻ ሆነ፤ «ና»፣ «ተቀመጥ»፣ «ብላ»። ጨዋታችን ቀረ።

ልጁ ትምህርት ከጀመረ፣ እንዲመዘን በጽሑፍ ጠይቁ። ኮሪደር ላይ ለመምህሯ የነገራችኋት ነገር ማስረጃ አይሆናችሁም፤ ኢሜይል ግን ቀኑን ይዞ ይቀመጣል። ለምዘናው ፈቃድ ከሰጣችሁበት ቀን ጀምሮ የፌዴራሉ ሕግ 60 ቀን ይሰጣቸዋል፤ የራሳቸው የጊዜ ገደብ ያላቸው ግዛቶችም አሉ። ልጁ አንደበቱ የሚፈታው በአማርኛ ከሆነ በአማርኛ ይመዘን በሉ። እንግሊዝኛ ስላልቻለ ብቻ ልዩ ፍላጎት አለው ማለት ክልክል ነው። የተገላቢጦሹም አለ፤ «እንግሊዝኛው ሲገባው ይስተካከላል» እየተባለ ስንት ዓመት የባከነባቸው ልጆች አውቃለሁ። በውጤቱ ካልተስማማችሁ በትምህርት ቤቱ ወጪ ገለልተኛ ባለሙያ እንዲያየው መጠየቅ ትችላላችሁ። ወይ ይከፍላሉ፣ ወይ የራሳቸው ምዘና ልክ መሆኑን በክርክር ያሳያሉ።

ከዚያ አይኢፒ የሚሉት የልጁ የግል ዕቅድ ይወጣል። ቢያንስ በዓመት አንዴ ይታያል። ረቂቁን ከስብሰባው በፊት ላኩልኝ በሉ። አስተርጓሚም ጠይቁ፤ ማቅረብ የትምህርት ቤቱ ግዴታ ነው፣ እናንተ አትከፍሉም። የልጁን ታላቅ እህት አታስተርጉሙ፤ ስለ ወንድሟ የሚባለውን ሁሉ መሸከም የለባትም። ወረቀቱ ሲመጣ ግቦቹን አንብቡ። «ንባቡ ይሻሻላል» ግብ አይደለም። አሁን በደቂቃ ስንት ቃል ያነባል? እስከ መቼ ስንት ይደርሳል? ማን ይለካዋል? የሕክምናው ሰዓትስ በቁጥር ተጽፏል? ካልገባችሁ «ቤት ወስጄ ላንብበው» በሉ። ይህ ነውር የለበትም፤ ማንም አይቀየማችሁም። ብቻዬን አልችልም ካላችሁም በየግዛቱ ወላጆችን በነፃ የሚያማክር ማዕከል አለ።

ብዙዎቻችን የምንዘናጋው ከትምህርት ቤት በኋላ ባለው ሕይወት ነው። ልጁ 16 ዓመት ሲሞላው ዕቅዱ ስለ ሥራ፣ ስለ ኮሌጅና ራሱን ችሎ ስለመኖር መናገር አለበት። 18 ሲሞላው በአብዛኞቹ ግዛቶች በትምህርቱ ላይ የመወሰን መብቱ ከእናንተ ወደ እሱ ያልፋል፤ ውሳኔ ላይ እገዛ የሚያስፈልገው ከሆነ ከዚያ በፊት የሕግ ሰው አማክሩ። በዚሁ ዕድሜ ኤስኤስአይ (መንግሥት ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ አካል ጉዳተኞች በየወሩ የሚሰጠው ገንዘብ) ሲጠየቅ የወላጅ ገቢ መታየቱ ይቆማል፤ ልጅ እያለ «ገቢያችሁ ከፍ ያለ ነው» የተባላችሁ እንደገና አመልክቱ። ሜዲኬይድ የሚባለው የመንግሥት የጤና መድን ለሚከፍለው የቤትና የማኅበረሰብ አገልግሎት በብዙ ግዛቶች ተራው ዓመታት ይፈጃል፤ ልጁ ሕፃን እያለ አስመዝግቡት። መደበኛውን ዲፕሎማ ከተቀበለ የትምህርት ቤቱ ግዴታ እዚያው ያበቃል፤ ስለዚህ ምርቃቱን ከመቀበላችሁ በፊት የሚቀረውን አገልግሎት አስቡ። ኮሌጅ ውስጥ አይኢፒ የለም። የኮሌጁ የአካል ጉዳተኞች ቢሮ ሄዶ እገዛ የሚጠይቀው ተማሪው ራሱ ነው።

ለዚህ ነው ልጄን ከ14 ዓመቱ ጀምሮ ስብሰባው ላይ ማስቀመጥ የጀመርኩት። መጀመሪያ አቀርቅሮ ዝም ይል ነበር። 17 ሲሞላው ለጽዳት ሥራ ሥልጠና ሊመድቡት ሐሳብ አቀረቡ። ወረቀቱ ወደ እኔ መጣ። እሱ ቀና ብሎ «አልፈልግም፤ አትክልት ቦታ መሥራት ነው የምፈልገው» አለ። እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩና ወረቀቱን ወደ እሱ ገፋሁት።