«ያልተመለሰ ድኗል ማለት ነው»

ጤና ይስጥልኝ፣

የአከርካሪ ቀዶ ሐኪም ነኝ፤ ስፔሻላይዜሽን ከጨረስኩ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። ለማዕረግ ዕድገት የታተመ ጥናት ስለሚያስፈልገኝ፣ ወገባቸው ላይ ብሎንና ዘንግ ያስገባንላቸውን የ61 ሰዎች ካርድ ማታ ማታ ሳገላብጥ ከረምኩ። 19ኙ ከስድስት ወር በኋላ ለክትትል አልመጡም። ይህን ለፕሮፌሰሬ ሳሳያቸው እስክሪብቷቸውን አንስተው ቁጥሩን ሰረዙና «ያልተመለሰ ድኗል ማለት ነው፤ ያመመው ይመጣል» አሉኝ። በቀሩት 42 ብቻ ከተሠራ ውጤቱ ያምራል። የመጀመሪያዋን ብሎን እጄን ይዘው ያስገቡኝ እሳቸው ናቸው። እምቢ ብል ውለታ ቢስ እሆናለሁ፤ እሺ ብል እንቅልፍ አይወስደኝም። ምን ይሻለኛል?

እንቅልፍ ያጣችው

እህቴ፣

ከፕሮፌሰርሽ በፊት ስለ 19ኙ እናውራ። ያመመው ሁሉ አይመጣም። ያልተሻለው ሰው ተስፋ ቆርጦ ሌላ ሐኪም ዘንድ ይሄዳል፤ መንቀሳቀስ ያቃተው ቤቱ ይተኛል፤ የሞተም ሊኖር ይችላል። በእርግጥ ድኖ ሥራው ላይ ያለም አለ። የትኛው የት እንደሆነ ሳትጠይቂ አታውቂም።

ሙያችሁ በዚህ ተቃጥሎ ያውቃል። አጥንት የሚያበቅለው ፕሮቲን፣ ቢኤምፒ-2፣ በአሜሪካ ለአከርካሪ ቀዶ ሕክምና የተፈቀደው በ2002 ነበር። በአምራቹ ገንዘብ የተሠሩት የመጀመሪያ ጥናቶች ከፕሮቲኑ የመጣ ጉዳት አላየንም አሉ። በ2011 «ዘ ስፓይን ጆርናል» ላይ ማስረጃው እንደገና ሲፈተሽ፣ ጉዳቱ መጀመሪያ ከተነገረው ከ10 እስከ 50 እጥፍ እንደሚሆን ተገመተ።

በሌላ በኩል በ2006 የወጣውን «ስፖርት» (SPORT) የተባለውን የአከርካሪ ሕሙማን ጥናት አስቢው፤ መቼም ሬዚደንት ሳለሽ ሳያስጠኑሽ አይቀሩም። የዲስክ መንሸራተት ያለባቸው 501 ሰዎች በዕጣ ተከፈሉ። ሰው ግን ለዕጣ አይታዘዝም፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ኦፕራሲዮን ከተመደበላቸው 60 በመቶው ብቻ ተሠሩ፣ ያለ ኦፕራሲዮን እንዲታከሙ ከተመደቡት ደግሞ 45 በመቶው ገብተው ተሠሩ። ለተመራማሪ ከዚህ የባሰ ራስ ምታት የለም። እነሱ ግን የተዘበራረቀውን እንዳለ ጻፉት፤ ጥናቱ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል።

ስለዚህ የሥነ ምግባር ኮሚቴውን አስፈቅጂና ስልክ አንሺ። የታካሚው ቁጥር ካልሠራ የአስታማሚው ካርዱ ላይ ይኖራል። የወገብ ሕመም ኑሮን ምን ያህል እንደሚያውክ የሚለካው የኦስዌስትሪ መጠይቅ አሥር ጥያቄ ብቻ ነው፤ ምን ያህል ይቀመጣሉ፣ ይራመዳሉ፣ ሌሊት ይተኛሉ? ያላገኘሻቸውን ደግሞ አትደብቂ፤ ዕድሜያቸውንና ከኦፕራሲዮን በፊት የነበረባቸውን ሕመም ከተገኙት ጎን አስቀምጪ።

ለፕሮፌሰርሽ «ተሳስተዋል» አትበያቸው። «የመጽሔቱ ገምጋሚዎች ስለ 19ኙ ቢጠይቁን ምን እንመልስ?» በያቸው። መጠየቃቸው አይቀርም፤ በእናንተ ዘርፍ የሁለት ዓመት ክትትል የሚፈለገው ያለ ምክንያት አይደለም። ይህ ጥያቄ ለእሳቸውም ክብራቸውን ሳይነካ መመለሻ መንገድ ይሰጣቸዋል። ቁጥሩን በመሰረዛቸው ከጸኑ ግን ስምሽን ከጥናቱ አውጪ። ማዕረጉ አንድ ዓመት ይዘገይ ይሆናል፤ ያናድዳል፣ አውቃለሁ። ብሎን ማስገባት ስላስተማሩሽ ያለብሽን ውለታ በሌላ ነገር ክፈዪ፣ በበሽተኞቹ ቁጥር አይደለም።

ከ19ኙ መካከል በራስሽ እጅ የሠራሽለት ሰው ካለ፣ መጀመሪያ እሱ ጋ ደውዪ።