በዋሽንግተን ዲሲ ግድግዳችን ላይ ስለሚሞነጫጨረው ግራፊቲ፦ ጠይቁ፣ እመልሳለሁ

በዩ ስትሪትና በዘጠነኛው ጎዳና አካባቢ ቤት፣ ሱቅ ወይም ሬስቶራንት ያላችሁ ብዙዎቻችሁ ስለ ግራፊቲ በውስጥ መስመር ስትጠይቁኝ ሰንብታችኋል። ሙያዬ የሕንጻ እድሳትና ቀለም ነው። በሠፈሬም ባለሥልጣናቱ ነገሩን እንዲይዙት ስወተውት ዓመታት አልፈዋል። ዛሬ ማታ ሁሉንም እዚሁ ጠይቁኝ። አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። ለ311፣ ለከተማው የአገልግሎት መጠየቂያ ስልክ፣ ስታመለክቱ የጥቆማ ቁጥር ይሰጣችኋል። ያንን ቁጥር ጽፋችሁ ያዙ።

ባለ ካፌ፦ ጋሼ፣ የጎን ግድግዳዬን በጥቁር ስፕሬይ ሞነጫጭረውት አደሩ። የማጽጃውን ወጪ የምችለው እኔ ነኝ ወይስ ከተማው?

መልስ፦ ከተማው። የሕዝብ ሥራዎች መምሪያ የግል ሕንጻንም በነጻ ያጸዳል። ግን የግል ግድግዳ ለመንካት የባለቤቱ ፊርማ ያስፈልጋል፤ ሠራተኞቹን ከኃላፊነት ነጻ የሚያደርግ ቅጽ አለ። ተከራይ ከሆንክ ዛሬውኑ ለአከራይህ ደውል። ሁለት ፎቶ አንሳ፦ አንዱ ከሩቅ፣ የቤቱ ቁጥር የሚታይበት፤ አንዱ ከቅርብ። ከዚያ 311 ደውል። ሱቃችሁ ዲሲ ሆኖ ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ የምትኖሩ 202-737-4444 ደውሉ። የጥቆማ ቁጥሩን ያዝ።

ባለ ሱቅ፦ የኔ ግድግዳ የድሮ ጡብ ነው። ጓደኛዬ በአሸዋ ግፊት የሚያጸዳ ማሽን ላውስህ አለኝ። በአንድ ሰዓት ያልቃል ይላል።

መልስ፦ ቆይ! ምንም እንዳትነካ!

እዚህ ሻው ሠፈር ካሉት የጡብ ቤቶች ብዙዎቹ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ የተሠሩ ናቸው። የዚያ ዘመን ጡብ እሳት ሲበላ ውጪው ጠንካራ ቆዳ ያወጣል፤ ውስጡ ግን ለስላሳ ነው። በአሸዋ ስትመታው ቀለሙ ከነቆዳው ይነሳል። የዚያን ቀን ግድግዳህ ንጹሕ መስሎ ይታይሃል። ብርዱ ሲመጣ ግን ውሃ ይገባበታል፤ ውሃው በረዶ ሆኖ ያብጣል፤ ጡቡም እየተፈረፈረ ይረግፋል። በመገጣጠሚያው ያለው ኖራም ከሲሚንቶ ይለሰልሳል፤ ኃይለኛ የውሃ ግፊት ጠርጎ ይወስደዋል። ግራፊቲ ይለቃል። የረገፈ ጡብ ግን አይመለስም።

ማድረግ ያለብህ ይህን ነው። ጄል የሆነ የቀለም ማስለቀቂያ ግዛ። መጀመሪያ ሰው በማያየው ጥግ፣ መዳፍ በምታክል ቦታ ሞክረው። ከጽሑፉ በታች ያለውን ግድግዳ ቀድመህ በውሃ አርሰው፤ አለበለዚያ የሚወርደው ቀለም ደረቁ ጡብ ውስጥ ይሰርጋል። ጄሉን ቀባ፣ ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ያህል ጠብቅ፣ በናይለን ብሩሽ ፈትግ። የሽቦ ብሩሽ አታስጠጋ፤ የሚተወው የብረት ብናኝ ይዝግና ሌላ እድፍ ያመጣብሃል። ለብ ባለ ውሃ በቀላል ግፊት እጠበው። የደበዘዘ ጥላ ቢቀር ድገመው። ጓንትና መነጽር ሳታደርግ እንዳትጀምር።

ባለ ካፌ፦ ማስለቀቂያ ከመግዛት በላዩ ቀለም ብቀባበትስ?

መልስ፦ ቀድሞ የተቀባ ግድግዳ ከሆነ ቀባው፤ ቀለሙ ግን ካለው ጋር ይመሳሰል። የተጠገነ መሆኑ ከሩቅ የሚያስታውቅ አራት ማዕዘን ለሚቀጥለው ልጅ ሰሌዳ ይሆናል። ያልተቀባ ጡብ ከሆነ አትቀባው።

ወጣት አባል፦ ካሜራ ብንተክልና ልጆቹን ብንይዛቸውስ?

መልስ፦ እሱ የፖሊስ ሥራ ነው። ማንንም ለመያዝ እንዳትሞክሩ።

እናት፦ ልጄ፣ እንግሊዝኛዬ አያወላዳም። ደውዬ ምን ብዬ ነው የማስረዳቸው?

መልስ፦ እትዬ፣ በአማርኛ ያስረዷቸው። ዲሲ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አላት፤ አማርኛም ከቋንቋዎቹ አንዱ ነው። ደውለው «አማርኛ» ይበሉ፤ አስተርጓሚ በስልክ ይገባልዎታል። ገንዘብ አይከፍሉም። አስተርጓሚ ከከለከሉዎ ለከተማው የሰብዓዊ መብቶች ቢሮ አቤት ማለት ይችላሉ። እንግሊዝኛ የሚያውቅ የልጅ ልጅ እስኪመጣ አይጠብቁ። ቁጥሩን ብቻ ያስጽፉ።

የብራይትዉድ ነዋሪ፦ እኔ አመልክቼ ሳይጸዳ «ተዘግቷል» የሚል መልስ መጣልኝ። ሰሚ የለም!

መልስ፦ የተጻፈው ምን ላይ ነው?

የብራይትዉድ ነዋሪ፦ መንገድ ዳር ያለ የብረት ሳጥን ላይ።

መልስ፦ ይኸው። ሳጥኑ የመብራት ወይም የስልክ ኩባንያ ነው። ሰማያዊው የደብዳቤ ሳጥን የፌደራሉ ፖስታ ቤት ነው። አደባባዮቹና ትንንሾቹ መናፈሻዎች ብዙዎቹ የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ናቸው። ሜትሮም የራሱ አስተዳደር አለው። ከመናደድህ በፊት ባለቤቱን ለይ። ሳጥኑ ላይ የተለጠፈ ስልክ አለ፤ እዚያ ደውል፤ እነሱም የሚሰጡህን ቁጥር ያዝ።

ሠዓሊው፦ ሁሉንም ቆሻሻ ባትሉት ጥሩ ነው። የዲሲው ግራፊቲ ጻፊ ኩል ዲስኮ ዳን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ስሙን በቀዩ የሜትሮ መስመር ግድግዳዎች ላይ ሲጽፍ አጥፊ ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 ሲሞት ከተማው የራሱን ሰው እንዳጣ ነው ያዘነው።

ባለ ሬስቶራንት፦ አንተ ግድግዳ ላይ ስላልተጻፈ ነው! እኔ ጠዋት እንግዳ ሳይመጣ በባልዲ ስፈትግ ነው የምውለው።

ሠዓሊው፦ ልጆቹ ቦታ ቢሰጣቸው አይጽፉብህም።

ሌላ አባል፦ አዲስ አበባ ቢሆን እኮ ደንብ አስከባሪ አንድ ቀን አያሳድራቸውም።

መልስ፦ አዲስ አበባን እዚህ አታምጡብኝ፤ እዚህ የምንጨቀጭቀው የዲሲን ባለሥልጣን ነው። ሠዓሊው ግን አንድ ቁም ነገር አንስቷል። ከተማው እ.ኤ.አ. በ2007 ሙራልስ ዲሲ የሚባል ፕሮግራም ጀምሯል። ግራፊቲ የሚደጋገምበት ግድግዳ ላይ በባለቤቱ ፈቃድ ትልቅ ሥዕል ይሣላል። ባለ ሬስቶራንት፣ ያንተ ግድግዳ በየወሩ የሚጻፍበት ከሆነ አመልክት። ሳይፈቀድለት ሰው ቤት ላይ የሚጽፈውን ግን እኔ ሥዕል አልለውም።

ባለ ሬስቶራንት፦ ባጸዳሁ ማግስት ደግመው ይጽፋሉ። ታዲያ ምን ዋጋ አለው?

መልስ፦ አለው። ሳይቃጠል በቅጠል ነው። የኒውዮርክን ባቡሮች አስታውሱ። እ.ኤ.አ. በ1984 አንድ ደንብ ወጣ፦ አንዴ የጸዳ ባቡር ከተጻፈበት ሳይጸዳ ወደ ሥራ አይወጣም። ጻፊው ስሙ ከተማውን ሲዞር ማየት ነበር የሚፈልገው፤ ያንን አጣ። በግንቦት 1989 የመጨረሻው የተሞነጫጨረ ባቡር ከሥራ ወጣ። አምስት ዓመት ፈጀ፣ ግን ሆነ። ስለዚህ በተጻፈ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ አጥፉት። ቆይቶ የደረቀ ቀለም ለማስለቀቅም ያስቸግራል።

አዲስ አባል፦ ወጪው በማን ነው? የት ነው የሚደወለው?

መልስ፦ ከላይ መልሻለሁ። አንብብ እንጂ ወንድሜ።

ባለ ሱቅ፦ እሺ ሁሉም አመለከተ እንበል። ባለሥልጣናቱ ዝም ካሉስ?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ነበር ስጠብቅ የቆየሁት።

ኤኤንሲ የሚባለውን የሠፈር አማካሪ ኮሚሽን ታውቃላችሁ። እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ ኮሚሽነሮቹ ይመረጣሉ። አንዱ ኮሚሽነር ወደ 2,000 ነዋሪ ይወክላል፤ ለሁለት ዓመት ያለ ደመወዝ ያገለግላል። ብዙዎቻችን በምርጫ ቀን ስሙን አልፈነው እንሄዳለን። ግን ኮሚሽኑ በስብሰባ ድምፅ ሰጥቶ በጽሑፍ የሚያቀርበውን ምክር የከተማው መሥሪያ ቤት ትልቅ ክብደት መስጠት አለበት፤ በሕግ ነው። ካልተቀበለው ለምን እንዳልተቀበለ በጽሑፍ መመለስ ግዴታው ነው።

ስብሰባ ሄዳችሁ «ሠፈራችን ቆሸሸ» ብትሉ ያዝኑላችኋል፣ ያልፋል። የሃያ ቤት የጥቆማ ቁጥር፣ ከነቀኑና ከነፎቶው፣ በአንድ ወረቀት ብታቀርቡ ግን በእጃቸው ማስረጃ ይገባል። ያኔ ኮሚሽነሩን «የሕዝብ ሥራዎች መምሪያ ይህን ጎዳና በቋሚነት በየሳምንቱ እንዲቃኝ ውሳኔ አስተላልፉልን» በሉት። ጥያቄው አንድ፣ የሚለካና ቀን ያለው ይሁን። ቅጂውን ለወረዳችሁ የከተማ ምክር ቤት አባል ላኩ።

ባለ ካፌ፦ ሁላችንም ሱቅ ዘግተን መሄድ አንችልም እኮ ጋሼ።

መልስ፦ ሁለት ሰው ይበቃል፤ አንዱ ይናገራል፣ አንዱ ወረቀቱን ይሰጣል። የዘጠነኛው ጎዳና ሰዎች ቁጥራችሁንና ፎቶአችሁን እስከ እሑድ ማታ ላኩልኝ፤ ዝርዝሩን እኔ አዘጋጃለሁ። አንተ እዚያው ጎዳና ላይ ስለሆንክ ተናጋሪው አንተ ሁን። ቁጥር ያልያዛችሁ ነገ ጠዋት ደውላችሁ ያዙ።