ከሰባቱ ሦስቱን ብቻ ለማየት

እህቴ፣ ጥያቄሽ በአጭሩ ይህ ነው፦ ሲኒማ ቤቱ ኦፐንሃይመርን፣ ዱን ክፍል ሁለትን፣ ዘ ዞን ኦፍ ኢንተረስትን፣ አኖራን፣ ዘ ብሩታሊስትን፣ ፍሎውን እና ሲነርስን በአንድ ሳምንት ውስጥ መልሶ ያሳያል፤ ጊዜሽ ግን ለሦስት ብቻ ነው የሚበቃው። የትኞቹን እዚያ ሄዶ ማየት፣ የትኞቹን ለቤት መተው ይሻላል? ከእኔ በፊት የመለሱት አብዛኞቹ «ትልልቆቹን ሲኒማ፣ ትንንሾቹን ቤት» ብለዋል። በዚህ አልስማማም። መታየት ያለበት ፊልሙ ቤት ሲገባ ምን ይጎድልበታል የሚለው ነው። በዚህ ሚዛን የምመርጥልሽ ዘ ዞን ኦፍ ኢንተረስትን፣ ሲነርስን እና ዘ ብሩታሊስትን ነው።

ፍንዳታም ጦርነትም የሌለበትን ዘ ዞን ኦፍ ኢንተረስትን ለምን እንዳስቀደምኩ ላስረዳ። ታሪኩ የናዚ ጀርመን የአውሽዊትዝ ማጎሪያ አዛዥ የነበረው ሩዶልፍ ሆስ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር ከካምፑ አጥር ሥር ስለኖረው ኑሮ ነው። ከግንቡ ማዶ የሚፈጸመውን ግድያ ካሜራው አያሳይሽም፤ የምትሰሚው ብቻ ነው። ተኩስ፣ ጩኸት፣ የባቡር ድምፅ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የማያቋርጥ ዝቅ ያለ ጉርምርምታ አለ። ስለዚህ ሁለት ፊልም በአንድ ጊዜ እየሄደ ነው ማለት ይቻላል፤ አንዱ ለዓይን፣ አንዱ ለጆሮ። የቴሌቪዥን ትንንሽ ድምፅ ማጉያዎች ያንን ወፍራም ጉርምርምታ ማውጣት አይችሉም፤ የተረፈውን ደግሞ የማቀዝቀዣውና የመንገዱ ድምፅ ይውጠዋል። ያኔ የሚቀርሽ አትክልት የምትንከባከብ ሴትና የሚዋኙ ልጆች ብቻ ይሆናሉ። «ምኑ ነው እንዲህ ያስወራው?» የሚሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ ያዩት እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የኦስካር ምሽት የድምፅ ሽልማቱን ከነኦፐንሃይመር ፊት የወሰደው ያለ ምክንያት አይደለም።

ሲጀምር ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ሙዚቃ ብቻ ለደቂቃዎች ይሰማል። ፕሮጀክተሩ ተበላሽቶ አይደለምና ስልክሽን አታውጪ። ዳይሬክተሩ ጆናታን ግሌዘር ከምስሉ በፊት ጆሮሽን እያነቃው ነው። በመሃል የምትመጣው የሌሊት ትዕይንት እንደ ፎቶ ኔጋቲቭ የተገላበጠች መስላ ትታይሻለች፤ በሙቀት ካሜራ ስለተቀረጸች ነው እንጂ ጉድለት አይደለም። ለዚህ ፊልም ሰው የሚያንስበትን ሰዓት ምረጪ፤ የፈንዲሻ መንኮሻኮሽ የሚጎዳው እንዲህ ያለውን ፊልም ነው። ግድግዳ ዳር አትቀመጪ፤ የጎን ድምፅ ማጉያው ከጆሮሽ አጠገብ ስለሚሆን የግንቡ ማዶ ድምፅ ከሩቅ የሚመጣ መሆኑ ይጠፋል። ከስክሪኑ ጀምሮ የአዳራሹን ሁለት ሦስተኛ ያህል ወደ ኋላ፣ በመሃል በኩል ያለው ወንበር የተሻለው ነው። ቤት ማየት ግድ ከሆነ በጆሮ ማዳመጫ ይሁን።

ሲነርስ ሲኒማ የሚያስፈልገው በሌላ ምክንያት ነው። ዳይሬክተሩ ራያን ኩግለርና የካሜራ ባለሙያዋ ኦተም ዱራልድ አርካፓው ፊልሙን የቀረጹት በሁለት ዓይነት የ65 ሚሊ ሜትር ፊልም ነው። አንዱ አልትራ ፓናቪዥን ሲሆን የምስሉ ስፋትና ቁመት 2.76 ለ1 ነው፤ እጅግ የተለጠጠ ማለት ነው። ሌላው ለግዙፍ ስክሪን የተሠራው አይማክስ ሲሆን 1.43 ለ1፣ ማለትም ወደ ካሬ የሚጠጋ ነው። በዲጂታል ሳይሆን በፊልም ጥቅል የሚሠራ ሙሉ አይማክስ ያለበት አዳራሽ ውስጥ በተመረጡ ትዕይንቶች ላይ ምስሉ ወደ ላይና ወደ ታች ይከፈታል፤ በዲጂታል አይማክስ እስከ 1.90 ድረስ ይከፈታል፤ በተራ አዳራሽ ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የተለጠጠው ቅርጽ ነው የሚታየው። በተራ አዳራሽ ከሆነ ከለመድሽው ሁለት ሦስት ረድፍ ወደ ፊት ቅረቢ፤ ምስሉ ቁመቱ አጭር ስለሆነ ከኋላ ሲታይ ቀጭን ሪባን ይመስላል። ቴሌቪዥን ላይ ደግሞ የተለጠጠው ቅርጽ የስክሪኑን ቁመት 64 በመቶ ያህል ብቻ ነው የሚሞላው፤ የቀረው ጥቁር ነው።

ታሪኩ እ.ኤ.አ. በ1932 በሚሲሲፒ ይካሄዳል፤ ማይክል ቢ. ጆርዳን መንትያ ወንድማማቾቹን ሁለቱንም ይጫወታል። የጭፈራ ቤቱ የዘፈን ትዕይንት፣ የጥንቱም የወደፊቱም ሙዚቀኞች በአንድ ወለል ላይ የሚገናኙበት፣ በእኔ ሚዛን ከሰባቱ ፊልሞች ውስጥ ከፍተኛው ጫፍ ነው። ካሜራው በሰዉ መካከል ሲዞር ድምፁም አብሮት በአዳራሹ ይዞራል። ድክመቱን አልሸሽግም፤ ደም መጣጮቹ (ቫምፓየሮቹ) ከገቡ በኋላ ውጊያው ይቸኩላል፤ በመጀመሪያው ሰዓት በትዕግሥት የተገነቡ አንዳንድ ሰዎች በጥድፊያ ይሸኛሉ። የስም ዝርዝሩ ሲጀምር እንዳትነሺ። በመሃሉ ረጅምና ወሳኝ ትዕይንት አለ፤ መጨረሻ ላይም አንድ አጭር ይጨመራል።

ዘ ብሩታሊስት 215 ደቂቃ ነው፤ ከዚህ ውስጥ 15ቱ በራሱ በፊልሙ ውስጥ የተካተተ እረፍት ነው፤ ስክሪኑ ላይ ሰዓቱ ወደ ኋላ ይቆጥራል። ኤድሪያን ብሮዲ የሚጫወተው ላስሎ ቶት የተባለው ሀንጋሪያዊ አርክቴክት የልብ ወለድ ሰው ስለሆነ ሕንፃዎቹን ፍለጋ አትድከሚ። ዳይሬክተሩ ብሬዲ ኮርቤት የተጠቀመበት ቪስታቪዥን እ.ኤ.አ. በ1954 በፓራማውንት ስቱዲዮ የወጣ የአቀራረጽ ዘዴ ነው። ተራውን የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ወደ ታች ሳይሆን ወደ ጎን ስለሚያስኬደው ለእያንዳንዱ ምስል በፊልሙ ጠርዝ ካሉት ቀዳዳዎች የስምንቱን ያህል ቦታ ይሰጠዋል። ምስሉ ሲሰፋ የፊልሙ ቅንጣት ይደቅቃል፤ የካራራ እምነበረድ ተራራዎች ሲታዩ ልዩነቱ ዓይን ውስጥ ይገባል። ወደ ሲኒማ ሂጂ የምልሽ ግን በዋናነት በርዝመቱ ምክንያት ነው። ይህን ፊልም ቤት ውስጥ በአንድ ቁጭታ የሚጨርስ ሰው ጥቂት ነው፤ በሦስት ቀን ተከፋፍሎ ሲታይ ደግሞ ክብደቱ ይበተናል። የመጀመሪያው ክፍል እንከን አላገኘሁበትም። ሁለተኛው ግን የገንዘብን ጉልበት በአንድ የጭካኔ ድርጊት ለመግለጥ ይሞክርና ያንኑ በቃል ደግሞ ያስረዳል፤ መደምደሚያውም ተመልካቹ ራሱ ሊደርስበት የሚገባውን ትርጉም በንግግር ያስረክበዋል። ያም ሆኖ ይገባዋል። እረፍቱ ሲታወጅ ወዲያው ተነሺ፤ 15 ደቂቃ የመጸዳጃ ቤት ሰልፍ ካለ ብዙ አይደለም።

ኦፐንሃይመርን ያስቀረሁት በቅድመ ሁኔታ ነው። አዳራሹ በፊልም ጥቅል የሚሠራ አይማክስ ካለው ዘ ብሩታሊስትን አውጥተሽ እሱን አስገቢ። የፊልም አምራቹ ኮዳክ የ65 ሚሊ ሜትር ጥቁርና ነጭ ፊልም ያመረተው ለዚህ ሥራ ነው፤ እሱን በትክክለኛው መሣሪያ ማየት በቀላሉ የሚገኝ ዕድል አይደለም። በተራ ዲጂታል አዳራሽ ከሆነ ግን 180 ደቂቃው በአብዛኛው ክፍል ውስጥ የሚነጋገሩ ፊቶች ናቸው፤ ጥሩ ቴሌቪዥን ብዙውን ይሸከመዋል። የማይሸከመው የአቶሚክ ቦምቡን የሙከራ ፍንዳታ ነው፤ ብርሃኑ ቀድሞ፣ ዝምታው ተራዝሞ፣ ድምፁ ዘግይቶ ደረትን ሲመታ። «ንግግሩ አይሰማም» የሚለው ስሞታም እውነትነት አለው። ዳይሬክተሩ ክሪስቶፈር ኖላን በቀረጻው ቦታ የተቀዳውን ድምፅ ስቱዲዮ ውስጥ እንደገና ከማስቀዳት ይልቅ እሱኑ መጠቀም ይመርጣል፤ ሙዚቃውም ከላዩ ይመጣል። በዚያ ላይ ብዙ ሲኒማ ቤቶች ማስታወቂያው ጮኸ በሚል ቅሬታ መደበኛው የድምፅ ልክ 7 የነበረውን ወደ 5 ወይም ከዚያ በታች ያወርዱታል፤ ያን ጊዜ የሚጠፋው መጀመሪያ ንግግሩ ነው። ከሥር ጽሑፍ ያለው ማሳያ ካለ እሱን ምረጪ።

ዱን ክፍል ሁለት ለቤት ይሁን ስል ብዙዎች እንደማይስማሙ አውቃለሁ። በዲጂታል ካሜራ የተቀረጸ ስለሆነ በጥሩ ቴሌቪዥን ላይ ጥራቱ ብዙ አይጎዳም፤ የሚቀርብሽ በዋናነት የግዙፎቹ የአሸዋ ትሎች ወፍራም ድምፅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣውን የመጀመሪያ ክፍል ካላየሽ ግማሹ አይገባሽም። ፊልሙ የመጀመሪያ ቃሉን የሚናገረው ከስቱዲዮው አርማ በፊት ነውና ከመጀመሪያዋ ሰከንድ ተከታተዪ። ጥቁርና ነጭ ሆኖ የሚመጣው የውጊያ ሜዳ በኢንፍራሬድ ስለተቀረጸ ነው ቆዳቸው እንደ ሰም የሚያበራው፤ እሱ ድንቅ ነው። የመጨረሻው ክፍል ግን የዋናውን ገጸ ባሕርይ የጳውሎስን መለወጥ ያቻኩለዋል።

አራተኛ ቀን ከተገኘ አኖራን ጨምሪ። በመሃል ያለው ረጅም የቤት ውስጥ ግርግር ሰው በሞላበት አዳራሽ ሳቅና ጭንቀት እየተቀባበለ ይሄዳል፤ ብቻሽን ስታዪው የተንዛዛ ይመስላል። የወሲብ ትዕይንት ስለሚበዛበት ከቤተሰብ ጋር የሚታይ አይደለም። ፍሎው የተባለው አኒሜሽን በተቃራኒው ከልጆች ጋር ለቤት ይስማማል፤ 85 ደቂቃ ብቻ ነው፣ አንድም ቃል አይነገርበትም፣ የተሠራውም ማንም በነጻ በሚያገኘው ብሌንደር በተባለ ሶፍትዌር ነው። ከማየትሽ በፊት የቴሌቪዥኑን እንቅስቃሴ ማለስለሻ (motion smoothing) አጥፊው፤ አለበለዚያ ሁሉም ፊልም ተከታታይ ድራማ ይመስላል።

ሲኒማ ቤት ምስሉ ደብዝዞ ከታየሽ ወደ ኋላ ዞረሽ የፕሮጀክተሩን መስኮት ተመልከቺ። ለባለ ሁለት ገጽታ (2D) ፊልም ሁለት የብርሃን ጨረር ተደራርቦ ከወጣ የሦስት ገጽታ (3D) ሌንሱ ሳይነሳ ቀርቷል ማለት ሊሆን ይችላል፤ ብርሃኑን በጣም ይቀንሰዋል። በመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ወጥተሽ ለአስተናጋጅ ንገሪ፤ ከቆየ ማሳያውን አቋርጦ ለማስተካከል ፈቃደኛ አይሆኑም። ቀኖቹን ስትደለድዪ ሲነርስን ሰው በሚበዛበት ምሽት፣ ዘ ብሩታሊስትን እንቅልፍ ጠግበሽ በዋልሽበት ቀን አድርጊው። ዘ ዞን ኦፍ ኢንተረስትን ከሌላ ፊልም ጋር በአንድ ቀን አትደርቢው።