ልጆች ያነባሉ፣ ዘመድ ይከፍላል፦ ለቤተ መጻሕፍት ገንዘብ ስታሰባስቡ

ጥያቄ፦ የአንድ መጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት አባል ነኝ። ልጆቹ ለሁለት ሳምንት እንዲያነቡ፣ ዘመድና ወዳጅም ባነበቡት ልክ እንዲከፍል አስበናል። ያሰጋን ቃል የተገባው ገንዘብ ሳይሰበሰብ እንዳይቀር ነው። ከየት እንጀምር? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ከቅጹ ይጀምሩ። ገንዘቡ የሚቀረው አብዛኛውን ጊዜ ሰው ቃሉን ስለሚያጥፍ አይደለም፤ ሲፈርም መጨረሻው ስንት እንደሚሆን ስላላወቀ ነው። አጎት «በደቂቃ 1 ብር» ብሎ ይፈርማል። ልጁ በቀን 20 ደቂቃ ለ14 ቀን ካነበበ 280 ብር ነው፤ በደስታ ይከፍላል። ልጁ በርትቶ 800 ደቂቃ ካነበበ ግን 800 ብር ይመጣበታል፤ ያኔ ስልክ አያነሳም። ስለዚህ ቅጹ ላይ «ከዚህ እንዳይበልጥ» የሚል ዓምድ ይኑር፤ ደጋፊው ራሱ ይሙላው። ከጎኑ «በአንድ ጊዜ የምሰጠው» የሚል ይጨምሩ። ይህን የመረጠ ሰው ንባቡ ሳይጀመር መክፈል ይችላል፤ ውጭ አገር ላሉ ዘመዶችም የሚቀለው ይኸው ነው።

ስም፣ ስልክ፣ ድምር፣ የደረሰኝ ቁጥርና ፊርማ አይቅሩ። ቅጹ በሁለት ቅጂ ይሞላ፤ አንዱ በስም ጠሪ መምህሩ እጅ ይቆይ። ልጁ ወረቀቱን ከጣለው፣ ማን ስንት ቃል እንደገባ የሚያውቅ አይኖርማ። ራስጌው ላይ ዓላማው በቁጥር ይጻፍ፦ «ለቤተ መጻሕፍት» ከማለት «ለ1ኛና ለ2ኛ ክፍል 120 የተረት መጻሕፍትና 2 መደርደሪያ» ማለት ሰውን ይበልጥ ያነሳሳል።

መለኪያው ደቂቃ ይሁን። በገጽ ከቆጠሩ ሥዕል የበዛበት መጽሐፍ የያዘ የ3ኛ ክፍል ተማሪ ልብ ወለድ የያዘውን የ6ኛ ክፍል ተማሪ ይበልጠዋል፤ በመጽሐፍ ብዛት ከሆነ ደግሞ ሁሉም ቀጭን ቀጭኑን ይሻማል። ለ1ኛና ለ2ኛ ክፍል በቀን 15፣ እስከ 5ኛ 20፣ ከዚያ በላይ 30 ደቂቃ ጥሩ ግብ ነው። በቀን ከ60 ደቂቃ በላይ አይመዝገብ።

ጊዜውን በደሞዝ ቀን ያስሉት። ለምሳሌ ንባቡ ከኅዳር 8 እስከ 21 ከሆነ፣ ስም ጠሪዎች እስከ 24 ደምረው ወረቀቱን ወደ ቤት ይልካሉ፤ ክፍያው እስከ ታኅሣሥ 4 ያልቃል። የወሩ ደሞዝ መካከል ላይ ይወድቃል፣ የጥር ፈተናም ገና ነው። ቃል ማስገቢያው ከንባቡ በፊት ሙሉ ሳምንት ይሰጠው፤ ዘመድ የሚገናኘው ቅዳሜና እሑድ ነው።

ልጆች ጥሬ ገንዘብ ባይዙ ይሻላል። በትምህርት ቤቱ የባንክ ሒሳብ ወይም በቴሌብር ይከፈል፤ «ምክንያት» በሚለው ቦታ የልጁ ስምና ክፍል ይግባ። ይህ ካልተጻፈ ሃያ ሰው 200 ብር ሲያስገባ ማን የማን እንደከፈለ መለየት ያቅታል። በእጅ የመጣውን ሁለት ሰው አብሮ ቆጥሮ ደረሰኝ ይቁረጥለት።

ጥያቄ፦ ደጋፊ የማያገኙ ልጆችስ? ያላነበቡትን የሚሞሉስ? (የ4ኛ ክፍል መምህርት)

መልስ፦ የመጀመሪያው በጣም ያሳስበናል፤ ልጅ በዘመዱ ኪስ መመዘን የለበትም። ዕድሩ፣ የሰፈሩ ባለሱቅና የቀድሞ ተማሪዎች ለአንድ ልጅ ሳይሆን ለክፍሉ በሙሉ ቃል ይግቡ፤ የሁሉም ልጅ ደቂቃ በክፍሉ ድምር ውስጥ ይቆጠራል። ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው ደቂቃ ብቻ ነው፣ ብር በፍጹም። ሽልማቱም ለንባቡ ይሁን። ልጆች የማያውቁትን ሰው በር እንዲያንኳኩ አይላኩ።

ቤታቸው መጽሐፍ ለሌላቸው 60 ያህል መጻሕፍት የያዘ ካርቶን በየሰኞው ከክፍል ክፍል ይዙር፤ በክፍል ውስጥም በየቀኑ 15 ደቂቃ ዝም ብሎ ማንበቢያ ይመደብ። ወላጅ ማንበብ ካልቻለ ልጁ ጮክ ብሎ ያንብብለት፤ ወላጁ በጣት አሻራ ያረጋግጣል። ገና ፊደል ለሚቆጥሩት ሲነበብላቸው ያዳመጡትም ይያዝላቸው።

የተጋነነውን የንባብ መዝገብ ለመለየት የወላጁን ፊርማ ይመልከቱ። ሰባቱም ቀን 30፣ 30፣ 30 ሆኖ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ ዓይነት የእጅ ጽሑፍ ከተሞላ ዐርብ ማታ የተሠራ ነው። መድኃኒቱ መዝገቡን በየጠዋቱ ማየት ነው፤ በሳምንት አንዴ ከሆነ አይሠራም። ከተጠራጠሩ ልጁን ለብቻው ጠርተው «እስቲ ታሪኩን ንገረኝ፣ የቱ ጋ ደረስክ?» ይበሉት። መተረክ ካቃተው አይቅጡት፣ በክፍል ፊትም አያሳፍሩት፤ የዚያን ሳምንት መዝገብ ሰርዘው አዲስ ወረቀት ይስጡት።