ለእናቴ ሞርፊን ታዘዘላት፤ ልስጣት ወይስ ይቅር?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎት ከጎንደር፣ አዘዞ ነው። እናቴ የጡት ካንሰር አለባት፤ አጥንቷ ውስጥ ገብቷል ተብለናል። ትራማዶል የሚባል ማስታገሻ ስትወስድ ቆየች፤ አሁን ግን አልያዘላትም። ሌሊቱን ስታቃስት ታድራለች። ሐኪሟ ከዚያ የበረታ የሕመም ማስታገሻ፣ የሚጠጣ ሞርፊን አዘዘላት። አጎቴ «እሱ እኮ ሱስ ነው፤ የሚሰጡትም ተስፋ ሲቆርጡ ነው» ብሎ ከለከለን። የጠየቅናቸው ፋርማሲዎችም የለም አሉን። እማዬ ደግሞ ጠበል ልትገባ አስባለች። ምን ይሻለናል?

መልስ፦ እግዚአብሔር ይማርልዎት። ይስጧት።

የአጎትዎ ፍርሃት ከመሬት የተነሳ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ያሉ መድኃኒቶች ያለ ልክ እየታዘዙ ብዙ ሰው ለሱስና ለሞት ዳርገዋል። እኛም ጋ ትራማዶልን ያለ ማዘዣ የሚውጡ ወጣቶች አሉ። የእናትዎ ነገር ግን ሌላ ነው። ለካንሰር ሕመም ብሎ በሐኪም ክትትል የሚወስድ ሰው ሱሰኛ የሚሆነው ከስንት አንዴ ነው። ሰውነት መላመዱ አይቀርም፤ ስለዚህ በድንገት አይቋረጥም፣ ቀስ በቀስ ይቀነሳል። ይህን ከሱስ አንቆጥረውም።

«ተስፋ ሲቆርጡ ነው» የሚለውን ግን አልቀበልም። ሞርፊን የሚታዘዘው የሕመሙ ብርታት ታይቶ ነው፤ የቀረው ዕድሜ ተቆጥሮ አይደለም። በአግባቡ ሲሰጥ ሞትን አያፋጥንም። ትራማዶል ጣሪያ አለው፤ በቀን ከ400 ሚሊግራም አይታለፍም። ሞርፊን ግን ሕመሙ እየታየ ሊጨመር ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅትም ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለከባድ የካንሰር ሕመም ሲመክረው ኖሯል።

ታዲያ ለምን ይጠፋል? ውድ ስለሆነ እንዳይመስልዎት፤ ሞርፊን ርካሽ ነው። ላንሰት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን በ2017 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሪፖርት ላይ አንድ የሚያሳፍር ቁጥር አለ። በዓለም ላይ በዓመት ከሚከፋፈለው 298.5 ቶን ሞርፊንና መሰል መድኃኒት ውስጥ ለድሃ አገሮች ሁሉ የደረሰው 0.1 ቶን ነው። አንድ ኩንታል ማለት ነው! ናርኮቲክ የሚባሉትን እንደ ሞርፊን ያሉ መድኃኒቶች ለመቆጣጠር በ1961 እ.ኤ.አ. በተደረገው ዓለም አቀፍ ስምምነት መሠረት አገሮች በየዓመቱ የሚፈልጉትን መጠን ገምተው ለዓለም አቀፉ የናርኮቲክ ቁጥጥር ቦርድ ያሳውቃሉ። ሐኪሙ ፈርቶ ካላዘዘ፣ ቤተሰቡም ፈርቶ ከመለሰ፣ ግምቱ ያንሳል፤ የሚገባውም ያንሳል። ኡጋንዳ እንደ እኛው ድሃ ናት፤ ግን ዱቄቱን አስመጥታ በአገር ውስጥ በውሃ እየበጠበጠች ታድላለች። ከ2004 እ.ኤ.አ. ወዲህ ልዩ ሥልጠና የወሰዱ ነርሶችም እንዲያዝዙ ፈቅዳለች። እኔ ብጠየቅ ከደባርቅና ከመተማ ድረስ ጎንደር ለሚመላለስ በሽተኛ ይህ ትልቅ ነገር ነበር።

ወደ እርስዎ ልመለስ። በየፋርማሲው መዞሩ ብዙም አያዋጣም፤ ናርኮቲክ በልዩ ማዘዣ ስለሚወጣ ሁሉም አይዘውም። ወደ አዘዘላት ሐኪም ይመለሱና መድኃኒቱ የት እንዳለ ያስጠይቁ። ከሌለ እስኪገኝ የሚተካ ሳይታዘዝላት አይውጡ። አንድ ነገር ደግሞ አይርሱ፦ ለአጥንት ሕመም የጨረር ሕክምና፣ አንድ ጊዜ ብቻ ተሰጥቶም፣ ብዙዎችን ያሳርፋል። ሪፈር ያስፈልጋት እንደሆነ ይጠይቁ።

ሽሮፑ ሲገኝ ሕመሙ እስኪነሳ አይጠብቁ። የሚሰጠው በየ4 ሰዓቱ ነው፤ ለምሳሌ ንጋት 12፣ ረፋድ 4፣ ቀን 8፣ ምሽት 12፣ ማታ 4። ሌሊት እንዳትቀሰቀስ የመኝታውን እጥፍ የሚያደርጉ ሐኪሞች አሉ፤ ያለ ትእዛዝ ግን እንዳያደርጉት። ይመራል፤ አይዟት። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማቅለሽለሽና እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት አለ፣ ያልፋል። የማያልፈው የሆድ ድርቀት ነው። ሞርፊኑን ከሚያስጠሉት ነገሮች ዋናው እሱ ስለሆነ ቢሳኮዲልን የመሰለ ማለስለሻ ከመጀመሪያው ቀን አብሮ ይታዘዝላት። ኩላሊቷ ደከም ያለ ከሆነ ለሐኪሟ ይንገሩ። አረቄም፣ ያልታዘዘ የእንቅልፍ ኪኒንም አብሮ አይወሰድም። ጠርሙሱ ልጅ በማይደርስበት ቦታ ይቆለፍበት። ቀስቅሰዋት አልነቃ ካለች፣ ትንፋሿም ከተራራቀ፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ሆስፒታል ይውሰዷት።

ጠበሉን አልከለክልም። ግን መድኃኒቱን አቋርጣ አትግባ፤ ሕመሙ ይበረታባታል፣ ላብና ትውከትም ሊነሳባት ይችላል። የንስሐ አባቷን ያማክሩ። አቡነ ጳውሎስም በዘመናቸው የኤችአይቪ መድኃኒትን ከጠበል ጋር አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናግረው ነበር።

በመጨረሻም፣ ካንሰሩ አጥንት ውስጥ ስለገባ ይህን ልብ ይበሉ። አዲስ የጀርባ ሕመም ከጀመራት፣ እግሯ ከዛለ ወይም ከደነዘዘ፣ ሽንቷ እምቢ ካለ፣ ቀጠሮ አይጠብቁ። ዕጢው ሕብለ ሰረሰሯን ተጭኖ ሊሆን ይችላል፤ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ካልታየች መራመድ ሊያቅታት ይችላል።