ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ «አባቴ ከሶፋው አልነሳ አሉ»

ጥያቄ፦

ዶክተር፣ አባቴ 68 ዓመታቸው ነው። ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው። ስኳርና የደም ግፊት አለባቸው። ለስኳሩ ሜትፎርሚንና ግሊቤንክላማይድ፣ ለግፊቱ አምሎዲፒን ይወስዳሉ። ኮሮና እስኪገባ ድረስ ደህና ነበሩ። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ይሳለማሉ፣ ከዚያ ገበያ ብቅ ይላሉ። የእድራችን ጸሐፊ ስለሆኑም ቀኑን ሙሉ ሲወጡ ሲወርዱ ነበር የሚውሉት። ከመጋቢት ወዲህ ግን እኛም ፈርተን «አትውጣ» አልናቸው፣ እሳቸውም ሶፋው ላይ ተቀመጡ። በቃ፣ ከቴሌቪዥኑ አይነሱም። ጠዋት ሳይበሉ ሲለኩ 130 እና 140 የነበረው ስኳር አሁን 190፣ አንዳንዴም 210 ይላል። ማታ ማታ ሁለቱም እግሮቻቸው ቁርጭምጭሚት ላይ ያብጣሉ። «ጉልበቴን» ማለትም ጀምረዋል። ሌሊት እንቅልፍ የላቸውም። አሜሪካ ያለው ወንድሜ የመሮጫ ማሽን ልግዛላቸው ይላል። እንግዛ? ወይስ ወጣ ብለው ቢራመዱ ይሻላል? የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው።

ከጎተራ፣ ግንቦት 2012

መልስ (በዚያው በግንቦት 2012፣ ትምህርት ቤት ተዘግቶና የኮሮና አስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ጸንቶ ሳለ የተጻፈ)፦

ማሽኑን አይግዙ። ወንድምዎ አስበው ነው፣ እግዜር ይስጣቸው። ግን ጉልበቱን ለሚያመው፣ የግፊት መድኃኒት ለሚወስድና ማሽኑን ለማያውቅ የ68 ዓመት ሰው፣ በሚሽከረከር ነገር ላይ መራመድ ለመውደቅ ያጋልጣል። መብራት እንደኛ ሰፈር የሚመጣና የሚሄድ ከሆነ ደግሞ ማሽኑ በመሃል ቀጥ ሊል ይችላል። እና እውነቱን ልንገርዎት፣ ብዙ ቤት ያየሁት የመሮጫ ማሽን ልብስ ማስጫ ሆኗል። ገንዘቡን የስኳር መለኪያ ስትሪፕ ይግዙበት። አሁን የሚያስፈልገን እሱ ነው።

ደብዳቤዎ ውስጥ ቁልፉ «ሲወጡ ሲወርዱ ነበር የሚውሉት» የሚለው ነው። አባትዎ ስፖርተኛ አልነበሩም እኮ። ሐኪም ተራመድ ስላላቸው አልነበረም የሚራመዱት። ሊሳለሙ ይሄዳሉ፣ ለቅሶ ይደርሳሉ፣ የእድር መዋጮ ይሰበስባሉ፣ ቲማቲም ይገዛሉ። ያ ሁሉ ደረጃና መንገድ ሲደመር፣ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ ይሁን ከሚለው 150 ደቂቃ ሳያልፍ አይቀርም ነበር። አሁን እግራቸው አለ፣ የሚነሱበት ጉዳይ ግን የለም። ስለዚህ የማዝዝላቸው ሥራ ነው።

እዚህ ላይ እናንተንም ትንሽ ልቆጣ። «አባዬ፣ አንተ ቁጭ በል» የሚለውን በየቤቱ እሰማለሁ። ውኃ ይቀርብላቸዋል፣ ሪሞት ይቀበሏቸዋል፣ ነጠላ ጫማቸው ሳይቀር እግራቸው ሥር ይደረግላቸዋል። ክብር ነው፣ አውቃለሁ። ነገር ግን በዚህ ዕድሜ የማይሠራ ጡንቻ በፍጥነት ይሟሽሻል። ጤነኛ አረጋውያን ለ10 ቀን ብቻ አልጋ ላይ እንዲቆዩ ሲደረግ፣ ከእግራቸው ብቻ ወደ 1 ኪሎ የሚጠጋ ጡንቻ እንዳጡ ተለክቷል። ሶፋ አልጋ አይደለም እንበል። ሁለት ወርም ግን 10 ቀን አይደለም።

የስኳሩም ነገር ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ጡንቻ ሲሠራ ስኳርን ከደም ውስጥ ስቦ ያቃጥላል፤ ይህን የሚያደርገው ኢንሱሊን በደንብ በማይሠራበት ሰው ላይም ጭምር ነው። ትልልቆቹ ጡንቻዎች ደግሞ ያሉት ጭንና መቀመጫ ላይ ነው፤ ተቀምጦ የሚውል ሰው የማያንቀሳቅሳቸው እነሱኑ ነው። በዚያ ላይ ፋሲካ አልፏል፣ ቤት የዋለ ሰውም ቆሎና ዳቦ ሳያስበው ይቆረጥማል። ቁጥሩ ባይጨምር ነበር የሚገርመኝ። ግን መድኃኒቱን በራሳችሁ እንዳትጨምሩ። መንቀሳቀስ ሲጀምሩ ስኳሩ ስለሚወርድ፣ የተጨመረ ክኒን ላይ ሲደረብ አደጋ ይሆናል። ቁጥሩ እንደዚሁ ከቀጠለ ግን የሚከታተሏቸው ሐኪም ይወቁት።

ከሁሉ በፊት የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው፦ ከቁርስ፣ ከምሳና ከእራት በኋላ 10 ወይም 15 ደቂቃ ይራመዱ። ቤት ውስጥ ይሁን፣ ኮሪደር ላይ ይሁን። ስኳር ከፍ የሚለው ከተበላ በኋላ ስለሆነ ያን ጊዜ መራመድ ይበልጥ ይጠቅማል። በቀረው ሰዓት በየግማሽ ሰዓቱ ብድግ ይበሉ። ሪሞቱን ቴሌቪዥኑ አጠገብ አስቀምጡት፤ ቻናል መቀየር የፈለገ ይነሳል።

አሁን ወደ ሥራው። ትምህርት ቤት ከመጋቢት 7 ቀን 2012 ጀምሮ ተዘግቷል። ቤታችሁ ልጅ ካለ፣ ዘመድ ቤትም ካለ፣ የሒሳብ መምህር እያላችሁ ምን ትጠብቃላችሁ? ግድግዳ ላይ ነጭ ወረቀት ለጥፉ፣ ማርከር ስጧቸው፣ ቆመው ያስተምሩ። 40 ዓመት ቆሞ ያስተማረ ሰው ቆሞ ማስተማር አይከብደውም። ሌላ ቤት ላለ ልጅ በስልክ ማስረዳት ይቻላል። እድሩም አልፈረሰም፣ ስብሰባው ነው የቀረው። የአባላቱን ዝርዝር ይያዙና በቀን አምስት ስድስት ሰው ይደውሉ። ማን ታመመ፣ ማን ብቻውን ነው፣ ማን ሥራ ቆሞበት ተቸገረ። ይህ ከየትኛውም ክኒኔ የተሻለ ይሠራል ብል ብዙ አላጋነንኩም። አንድ ደንብ ብቻ አለኝ፦ ስልክ የሚያወሩት ቆመው ወይም እየተራመዱ ነው።

ወጥ ቤትም ይግቡ። ወንድ ልጅ ምናምን የሚል ካለ በእኔ ያሳብቡ፣ ሐኪም አዟል በሉ። ቡና ይቁሉ፣ ይውቀጡ። ምስር ይልቀሙ። በረንዳ ላይ በአሮጌ ጀሪካን ጤና አዳም፣ በሶብላና ጎመን ይትከሉ፤ ክረምቱ እየመጣ ነው፣ ይበቅላል። ውኃ በፈረቃ ከሆነ የሚመጣላችሁ ግን 20 ሊትሩን ጀሪካን እሳቸው አይሸከሙ። ከባድ ነገር ትንፋሽ ይዞ ማንሳት ግፊትን በአንድ ጊዜ ሽቅብ ይሰደዋል። አንድ ወይም ሁለት ሊትር ውኃ የያዘ ሃይላንድ በየእጃቸው ይዘው፣ እየተነፈሱ ክንዳቸውን ከፍ ዝቅ ማድረግ በቂ ነው።

ጸሎታቸውንም አልረሳሁትም። የእሁድ ቅዳሴን በቴሌቪዥን የሚከታተሉ ከሆነ ቤተ ክርስቲያን እንደሚያደርጉት በመቋሚያ ቆመው ይከታተሉ፣ ሲደክማቸው ይቀመጡ። ስግደት ጥሩ እንቅስቃሴ ነበር፤ አሁን በዓለ ሃምሳ ስለሆነ አይሰገድም። የሰኔ ጾም ሲገባ ለመጀመር ካሰቡ ጉልበታቸው እንደሚፈቅድላቸው፣ ሲነሱም ቀስ ብለው ይሁን። የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ድንገት ሲነሳ ሊዞርበት ይችላል። (ረመዳንን የምትጾሙ አንባቢዎቼ፣ ግሊቤንክላማይድ ወይም ኢንሱሊን የምትወስዱ ከሆነ የመድኃኒቱ መጠንና ሰዓት መስተካከል ስላለበት ሐኪማችሁን ሳታማክሩ አትቀጥሉ። ስኳሩ ከ70 ከወረደ ጾሙ እዚያው ይፈታል።)

ለጉልበታቸው ጥንካሬ ደግሞ አንድ ወንበር ይበቃል። ክንድ የሌለው፣ ጠንካራ ወንበር ግድግዳ አስደግፉ። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው፣ ሙሉ በሙሉ እየቆሙና እየተቀመጡ በ30 ሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚነሱ ቁጠሩ። አጠገባቸው ሰው ይቁም። በእሳቸው ዕድሜ ላለ ወንድ ከ12 በታች ከሆነ እግሩ ደክሟል ማለት ነው። ያለ እጅ ድጋፍ መነሳት ካቃታቸው ጠረጴዛ ይያዙ፤ ያም ጅምር ነው። ከዚያ ቀን እያሳለፉ ይለማመዱትና በሳምንቱ ይለኩ። ቁጥሩንና የስኳሩን ልኬት ደብተር ላይ ይጻፉ፣ ግራፉንም ራሳቸው ይሥሩት። መምህር ውጤት ሲሻሻል ካላየ አይረካም።

ይውጡ ወይ ላሉት፦ ይውጡ። መጋቢት 30 ቀን 2012 የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከ4 ሰው በላይ መሰብሰብን ነው የሚከለክለው እንጂ ብቻውን የሚራመድን ሰው አይከለክልም። እርግጥ ነው፣ ኮሮና በዚህ ዕድሜ፣ ስኳርና ግፊት ባለበት ሰው ላይ ይከብዳል። ፍርሃታችሁ ያለምክንያት አይደለም። ግን ቫይረሱ የሚመቸው የተዘጋ ክፍልና የሰው ግፊያ ነው፤ ንጋት ላይ ባዶ መንገድ ላይ መራመድ ሌላ ነገር ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ማስክ አድርገው፣ ከሌላው ሰው ሁለት የአዋቂ እርምጃ ርቀው ይሂዱ። የደረጃውን መደገፊያ ይያዙ፣ አይፍሩ፤ መውደቅ ይብሳል። ሲመለሱ እጃቸውን በሳሙና ይታጠባሉ። የእኔ ስጋት ሌላ ነው። የእድር ጸሐፊ ሰፈር ውስጥ 50 ሜትር ሳይሄድ ሰው ያቅፈዋል። እጅን ደረት ላይ አድርጎ ጎንበስ ማለት ይበቃል፣ ማንም አይቀየምም። ፍጥነቱም እያወሩ መራመድ የሚችሉበት፣ ለመዝፈን ግን ትንፋሽ የሚያጥርበት ይሁን።

አንድ ጉዳይ ላይ ረጋ ብለው ያንብቡኝ። ግሊቤንክላማይድ ስኳርን ከልክ በላይ ሊያወርድ የሚችል መድኃኒት ነው፤ በዕድሜ በገፉ ሰዎች ላይ ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ ከመውጣታቸው በፊት ይለኩ። ከ100 በታች ከሆነ መጀመሪያ ትንሽ ነገር ይቅመሱ። ኪሳቸው ውስጥ ከረሜላ አይጥፋ። ላብ ላብ ካላቸው፣ ከተንቀጠቀጡ፣ ድንገት ከራባቸው ወይም ንግግራቸው ከተደናገረ፣ 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጣችሁ ስጧቸው፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ለኩ። ካልተሻላቸው ድገሙት። ራሳቸውን ከሳቱ በአፍ ምንም አትስጡ፣ ወደ ሆስፒታል ሩጡ። በሌላ በኩል ስኳሩ ከ250 በላይ ሆኖ የሚያስታውካቸው፣ በጣም የሚያስጠማቸው ወይም የሚያደክማቸው ከሆነ የዚያን ቀን እንቅስቃሴ የለም፣ ሐኪም ዘንድ ነው። በሚቀጥለው ክትትልም ለዕድሜያቸው የሚስማማ ሌላ መድኃኒት እንዳለ ሐኪማቸውን ጠይቁ።

የእግሩ እብጠት ሁለቱም ላይ እኩል፣ ማታ መጥቶ ጠዋት የሚቀንስ ከሆነ፣ ከመቀመጥና ከአምሎዲፒን ሊመጣ ይችላል። ይህ መድኃኒት ቁርጭምጭሚት ማሳበጥ ጠባዩ ነው። ሲቀመጡ እግራቸውን ከፍ ያድርጉ፣ ተረከዛቸውንም ከፍ ዝቅ ያድርጉ። መድኃኒቱን ግን አታቋርጡ። አንዱ እግር ብቻ አብጦ ከታመመና ከሞቀ የደም መርጋት ሊሆን ይችላልና በዚያው ቀን ይታይ። ትንፋሽ የሚያጥራቸው ወይም ተኝተው መተንፈስ የሚቸግራቸው ከሆነም እንደዚሁ። «ኮሮና አለ» ብሎ ሆስፒታል መፍራት የስንቱን ልብና እግር እያስቀረ ነው። ትኩሳትና ሳል ከመጣ ግን መጀመሪያ ወደ ኮሮና የስልክ መስመር፣ 8335፣ ይደውሉ።

ጉልበቱ በመንቀሳቀስ አይጎዳም፣ ይበረታል። ደረጃ ሲወጡ ጤነኛው እግር ይቅደም፣ ሲወርዱ የሚያመው እግር ይቅደም። ጫማቸው የተሸፈነና የማይጠብ ይሁን። በሲሊፐር አይውጡ፤ ስኳር ያለበት ሰው እግሩ ደንዝዞ ሲቆስል ላይሰማው ይችላል። ማታ ማታ ጣቶቻቸው መሃል ሳይቀር እዩላቸው።

እንቅልፉ አይገርመኝም። ቀን ሶፋ ላይ ያንቀላፋ ሰው ሌሊት ምን ይተኛ? የጠዋቱ ጉዞ ብርሃን ስለሚያሳያቸው ይረዳል። ከምሳ በኋላ ቡና ይቅር፣ ሸለብታውም ከግማሽ ሰዓት አይለፍ። የኮሮናን የበሽተኛና የሞት ቁጥር በቀን አንዴ ይስሙ፤ ቀኑን ሙሉ እሱኑ መስማት ሰው ያሳምማል። ሥራ ሰጥታችኋቸው እንኳ ሁለት ሳምንት ሙሉ ምግብ ካስጠላቸው፣ ከሰው ጋር ማውራት ካልፈለጉ፣ «ምን ዋጋ አለኝ» ማለት ከጀመሩ ግን ስንፍና ወይም እርጅና አትበሉት። የመንፈስ ጭንቀት ሕመም ነው፣ ሕክምናም አለው። መሞትን ካነሱ አንድ ቀንም አትጠብቁ።

ነገ ከቁርስ በኋላ ባለው 10 ደቂቃ ጀምሩ፣ በየሳምንቱ አምስት አምስት ደቂቃ ጨምሩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ የጠዋት ስኳራቸውን፣ የግፊት ልኬታቸውንና ከወንበር የተነሱበትን ቁጥር ጽፈው ይላኩልኝ። ጽሑፉን ራሳቸው ቢጽፉት ደግሞ ደስ ይለኛል።