የእናትሽ ቁርጥማት ከአንኮበር ብርድ የመጣ አይደለም

እህቴ፣ አንኮበር ያሉት እናትሽ የጣቶቻቸው አንጓ አብጦ፣ ሐኪም ሩማቶይድ አርትራይተስ (የሰውነት መከላከያ የገዛ አንጓን የሚያጠቃበት ቁርጥማት) ነው ብሎ ሜቶትሬክሴት የተባለ መድኃኒት እንዳዘዘላቸው ጽፈሻል። «የገዛ ሰውነት እንዴት ራሱን ያጠቃል? መድኃኒቱን ትተው አቅም በሚያጠነክር ማርና ነጭ ሽንኩርት ቢታከሙስ?» ብለሽም ጠይቀሻል። እኔ የደብረ ብርሃን ነዋሪ ነኝ፤ ከዚሁ በሽታ ጋር ዘጠኝ ዓመት ኖሬአለሁ።

እኔም መጀመሪያ የከሰስሁት ብርዱን ነበር። ጠዋት የጋቢዬን ጫፍ መጨበጥ ያቅተኛል፤ እጄ የሚፍታታው ረፋድ ላይ ነው። ብርድ ሕመሙን ቢያባብሰውም በሽታውን አይፈጥረውም። ከታች አልዩ አምባ ሙቀት ውስጥ ያለ ሰውም ይያዘዋል።

ነገሩ የመልእክት መዛባት ነው። በመንደራችን ኡኡታ ሲሰማ ጎረቤት ዱላውን ይዞ ይወጣል። ቲ ሴል የሚባለው፣ ሰውነትን የሚጠብቀው ነጭ የደም ሴል ግን በአንድ ጩኸት አይወጣም። ሌላ ሴል ከውጭ የገባውን ባዕድ ነገር ቁራጭ ይዞ ያሳየዋል፤ ይህ አንደኛው ምልክት ነው። ከዚያ ሲዲ 28 በተባለው ተቀባዩ በኩል «አዎ፣ አደጋ ነው» የሚል ሁለተኛ ምልክት ሊደርሰው ይገባል፤ ካልደረሰው ይደነዝዛል። ከተነሣ በኋላም ሲቲኤልኤ 4 የተባለ ልጓም አለው። እንደ ሽማግሌ መሀል ገብተው «ተመለሱ» የሚሉ ተቆጣጣሪ ቲ ሴሎችም አሉ። የእነርሱን ምሥጢር የገለጡት ሺሞን ሳካጉቺ፣ ሜሪ ብራንኮውና ፍሬድ ራምስዴል እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2025 የኖቤል ሽልማት ተሸልመዋል።

በእኛ በሽታ ሰውነት የራሱን ሥጋ እንደ ባዕድ ያያል፤ የሽማግሌዎቹም ቃል አይሰማም። ሴሎቹ ቲኤንኤፍና ኢንተርሉኪን 6 የሚባሉ መልእክተኞችን ይለቃሉ፣ የአንጓው ሽፋን ሴሎችም ያንን ሰምተው በተራቸው ይጮኻሉ። ጩኸት ጩኸትን እየጠራ አጥንት እስከመብላት ይደርሳል። ስለዚህ የእናትሽ መከላከያ አልደከመም፤ የሚያስፈልገው የሚያበረታው ሳይሆን የሚያረጋጋው ነው። ማሩን ለምግብነት ይብሉት፤ አንጓቸውን ግን አያድንም።

ፕሬድኒሶሎን የተባለው ሌላ መድኃኒት ሴል ውስጥ ገብቶ የጩኸቱን ጂኖች ስለሚያስተኛ በቀናት ውስጥ እፎይ ያሰኛል። ሜቶትሬክሴት ግን ዝግ ያለ ነው፤ ስድስት ሳምንት፣ አንዳንዴም ሦስት ወር ይፈጃል። እኔ በሦስተኛው ሳምንት አይሠራም ብዬ ተውሁት። ዛሬ የቀኝ እጄ አንጓ እስከ መጨረሻው አይታጠፍም፤ የተበላ አጥንት በኋላ በሚመጣ መድኃኒት አይመለስም። እናትሽ ላይ ይህ እንዳይደርስ እለምንሻለሁ።

አንድ ነገር አደራ፦ ሜቶትሬክሴት የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። በየቀኑ ከተወሰደ ሊገድል ይችላል። ቀኑን በግድግዳው ካላንደር ላይ አክብቢላቸው፤ የታዘዘላቸውን ፎሊክ አሲድ የተባለ ቫይታሚንና የጉበትና የደም ምርመራውን እንዳያስተጓጉሉ። ትኩሳት ከያዛቸው ወይም አፋቸው ከቆሰለ፣ የሚቀጥለውን ከመዋጣቸው በፊት ለሐኪማቸው ይንገሩ።